ምንጫችንን ሳያዩ ስለ ምንጫችን ለፈረሙት

ለተከበሩ አቶ ስጦታው፣ የአካባቢ ጥናት አማካሪ
ሞጣ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለኮምፒውተርዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ አገሬ እባላለሁ፤ ከቢቸና ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። የምጽፈው ተናድጄ አይደለም፤ ለመናደድም ጉልበት ይፈልጋል።

፩ኛ. ከምንጫችን በላይ ሊከፈት ስለታሰበው የድንጋይ ካባ ያቀረቡት ጥናት ባማረ ቋንቋ ስለተጻፈ እናመሰግናለን። «በአካባቢው የመጠጥ ውኃ ምንጭ የለም» ይላል። መቶ ሃያ አባወራ ዕድሜ ልካችንን ምን ስንጠጣ እንደኖርን ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

፪ኛ. ባልተጠራንበት ስብሰባ ስላወያዩን ምስጋናችን የላቀ ነው። ካባው ይከፈት ብለው ከተስማሙት መካከል አቶ ፋንታ ይገኙበታል፤ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። ጥናቱ ለቀበሌው ሲነበብ ስማቸውን የሰሙት ባለቤታቸው እማማ ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

፫ኛ. ካባው በጥር ተከፈተ። በመጀመሪያው ፍንዳታ ማግስት ምንጩ ደፈረሰ፤ በሳምንቱ ሕፃናት በተቅማጥ ወደቁ። ያኔ እኔና እማማ ወለተ ኢየሱስ በአውቶቡስ ቢሮዎ ድረስ መጣን። በትሕትና አስቀምጠው፣ ጊዜ ስላጠረዎት ጥናቱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳረቀቀው፣ ስሞቹን ከአሮጌ የቀበሌ ዝርዝር እንደወሰደ፣ መሳሳትም የማሽን ጠባይ እንደሆነ አስረዱን። እማማ የመለሱልዎትን በቃለ ጉባኤ ስላላሰፈሩት እኔ ላስፍረው፦ «ልጄ፣ ማሽኑ አልፈረመም። የፈረምኸው አንተ ነህ።»

ከሁለት ወር ደጅ ጥናት በኋላ ካባው ታገደ። ጥናቱን እንደገና የሠራችው ወይዘሪት ብሩክታይት የምትባል ባለሙያ ናት። ሦስት ቀን ጭቃ ረግጣ ውኃውን ለካች፣ ቤት ለቤት ጠየቀች። እርሷም ያንኑ ማሽን ከፍታለች፤ ነገር ግን በእግሯ ሄዳ ያየችውን እንዲያደራጅላት እንጂ ያላየችውን እንዲያይላት አይደለም። ከመፈረሟ በፊትም ረቂቁን አንብባልን አራት ቦታ አረምናት፤ አልተቀየመችም።

ምንጩ ግን እስከ ዛሬ አልጠራም። ውኃ ከወንዝ እንቀዳለን፤ መንገዱ ለደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ነው።

ከወንዝ ስንመለስ በምትተርፈን ትንፋሽ ሁሉ ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽሁ፣
የዘወትር አመስጋኝዎ
አገሬ

ማሳሰቢያ፦ ረጅም ጽሑፍ የሚያሳጥር ማሽን እንዳለዎት ሰምቻለሁ። ይህችን ግን እባክዎ ራስዎ ያንብቧት።