ሐውልት ሊያብብ ነው

ጁን 3
በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፦ ለጎብኚ ክፍት በሆነው የተራራ አትክልት ስፍራችን፣ በላይኛው መደብ ያለው ተክል ጎመን አይደለም። ስሙ ሐውልት ነው። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። ዛሬም ለሁለት ጎብኚዎች ይህንኑ አስረዳሁ። አንዱ እስከ መጨረሻው በጥሞና ካዳመጠኝ በኋላ ለሰላጣ ይሆን እንደሆነ ጠየቀኝ።

በረዶው የታችኛውን መንገድ ለቋል። የዱር ግብጦው ሐምራዊ ሆኗል። ስድስት ባልዲ አረም ነቀልኩ። ጡረታ ማለት ይሄ ከሆነ... ቀደም ብዬ መውጣት ነበረብኝ።

ጁን 9
ከሐውልቱ ቅጠሎች መሀል አንድ ነገር ብቅ ብሏል። ግንድ ነው? ወይስ አዲስ ቅጠል?

አትክልተኛዋ ኢኔስ ተንበርክካ አየችው። ሊያብብ ነው አለች፤ ለኮሪን ይደውሉላት አለችኝ።

ኮሪን ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። የሐውልቱን ዘር አብረን ነው የዘራነው፤ ያኔ የሁለታችንም ፀጉር አልሸበተም። ባሏ ከሞተ በኋላ እዚህ ኮሎራዶን ለቃ በረሃማዋ ቱሳን ከተማ፣ ልጇ ዘንድ ገባች። ካበበ ጥራኝ ብላኝ ነበር።

እርግጠኛ ሳልሆን አልደውልም አልኩ።
"መምህር፣ እንዲህ እያሉ ነው ሳያገቡ የቀሩት" አለች ኢኔስ።
ማረሜን ቀጠልኩ።

ጁን 17
ግንድ ነው። ጉልበቴ ጋ ደርሷል። ግን ውርጭ ቢመታውስ? ሰውን ከዚያ ድረስ ጠርቶ ባዶ መደብ ማሳየት... ትንሽ ልጠብቅ።

ጁን 20
ሌሊት አጋዘን ገብቶ አጠገቡ ያለውን መደብ ሙልጭ አድርጎ በልቷል። ከሐውልቱ ሁለት ቅጠል ብቻ ቀመሰ። ከኢኔስ ጋር በሽቦ አጠርነው። ነገስ ላለመምጣቱ ዋስ አለዎት? አለችኝ። የለኝም።

ደወልኩ። ኮሪን ስለ ሙቀቱ አማረረች፣ ስለ ጉልበቷ ቀለደች፣ እኔም ስለ አጋዘኑ ነገርኳት፤ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
"የምትጠራኝ ለአበባው ነው ወይስ ለራስህ?"
"ለአበባው።"

"እንግዲያው ፎቶ ላክልኝ" ብላ ዘጋችው።

ጁን 21
ለኢኔስ ነገርኳት። አካፋዋን ጥላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። "ዕድሜ ልክዎን ሲፈትኑ ኖረው በአንድ ጥያቄ ወደቁ?"
ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ... ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጁን 24
ዝናብ። ምንም አልሠራሁም።

ጁን 29
አበበ። ከእኔ ቁመት አልፏል። ከታች እስከ ጫፍ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ አበባ፣ እያንዳንዱ አራት የአበባ ቅጠል ያለው፣ በላያቸው ሐምራዊ ነጠብጣብ። ንቡ ለጉድ ነው። ግብጦው፣ ቀዩ፣ ቢጫው ሁሉ አብቧል፤ ሰው ግን የሚቆመው እሱ ዘንድ ነው። ዛሬ ስለ ሰላጣ የጠየቀ የለም።

ኢኔስ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ላንሳልዎት አለች። አይሆንም አልኳት። ቤት ገብቼ ለኮሪን ጻፍኩ። ሳላርም፣ ደግሜ ሳላነብ ላክሁት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። የላክሁት ይህ ነው፦

"ኮሪን፣ ፎቶ የለም። ባለፈው የመለስኩልሽ ስህተት ነው። ለራሴ ነው። አበባው ሳይረግፍ ብትደርሺ ደስ ይለኛል፤ ከረገፈም በኋላ ነይ። ቤቴ ፎቁ ላይ ያለው ክፍል ፀሐይ ያገኛል። ደረጃው ለጉልበትሽ ካስቸገረ እኔ ወደ ላይ እወጣለሁ፣ አንቺ ምድር ቤቱን ትወስጃለሽ። መቼ እንደምትመጪ ቶሎ ጻፊልኝ።"