የቀጭቀጭ ብረት

አቃቂ፣ ኅዳር 30 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለምወድዎ ክርስትና እናቴ፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ጋሼ ኩምሳስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ በረታብን። ትንሽ ሳለሁ «አንቺ» እልዎት ነበር፤ ብዕር ስይዝ ግን አፈርኩ። እኔ እንደሚያውቁኝ ነኝ። ቁመቴ ጨመረ እንጂ ድምፄ አልጨመረም። ከስድስተኛ ክፍል ስላቆምኩ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይታገሡኝ።

የምጽፍልዎት ስለ ቀጭቀጭ፣ ስለዚያ የሰሊጥ ከረሜላዎ ነው።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ አቃቂ ላይ ቀጭቀጭ የሚሠራ ጠፋ። ሱቁ ሁሉ በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ይሸጣል። ጣፋጭ ነው፣ ግን አፍ ውስጥ ዝም ብሎ ያልቃል። የእርስዎ ሰሊጥ ጥርስ ላይ ይንጫጫ ነበር። ባቡሩ ከመግባቱ በፊት በብረቱ ላይ የደረቀውን ሲሰባብሩ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይከብዎታል፤ ጫፍ ጫፉ የእኛ ነበር። ትልቁን ጫፍ አንስተው «ይሄ የክርስትና ልጄ ነው» ሲሉ ልጆቹ በቅናት ያፈጡብኛል። ሰው ፊት መናገር ለማትችል ልጅ ያ ትልቅ ነገር ነበር።

ጾሙ ሊገባ ሲል እናቴ ታማ ተኛች። አይደንግጡ፣ አሁን ድናለች፣ ወደ ፋብሪካ ሥራዋም ተመልሳለች። ያን ጊዜ ግን ያቀረብኩላትን ሁሉ አልፈልግም ትላለች። አንድ ቀን ምን ላምጣልሽ ብላት «ቀጭቀጭ» አለችና ወዲያው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ለምን እንዳዞረች ገብቶኛል። ባለቤትዎ ጋሼ ኩምሳ ወደ ድሬዳዋ ሲዛወሩ እርስዎ «ልጅቷን ስጪኝ፣ እዚያ ላስተምራት» ሲሏት ከበሩ ኋላ ነበርኩ። እናቴ የመለሰችልዎትን እዚህ አልደግመውም። ልጅ ላልወለደች ሴት የሚባል ቃል አልነበረም። እርስዎ ወዲያው ወጡ፤ እኛ ቤት ይቀመጥ የነበረውን ብረትዎን እንኳ አልወሰዱም።

ያ ጋሼ ኩምሳ ከጣቢያው ጥራጊ መካከል ለምነው ያመጡልዎት፣ ከሐዲድ ሥር የሚገባው ጠፍጣፋ ብረት፣ እኛ ቤት የውሃ በርሜል ክዳን መጫኛ ሆኖ ቀረ። እናቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥበውና ዘይት ትቀባዋለች። ለክዳን መጫኛ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል ብላት፣ እንዳይዝግ ነው አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኋትም።

ስኳሩን አቅልጬ ሰሊጡን ጨመርኩና መጀመሪያ በቆርቆሮ ትሪ ላይ አፈሰስኩት። ተጣብቆ ቢላዋ ሰበረብኝ። ያን ጊዜ ብረቱ ትዝ አለኝ። የዳቦ መጋገሪያ ቅቤ ሲቀባ አይቼ ስለማውቅ ብረቱንም ቅቤ ቀባሁት። ቀጭ ብሎ ሲሰበር ብቻዬን ሳቅኩ። ለእናቴ ይዤላት ገባሁ። ወደ አፏ አስጠግታ አሸተተችና «ይሄ ቅቤ ነው እንዴ?» አለችኝ። ለብረቱ ነው አልኳት። «ጾም ገብቶ እኮ ነው ልጄ!» አለች። ለታመመ ይፈቀዳል ብላት «ቀጭቀጭ መድኃኒት ነው?» ብላ መለሰችልኝ። በመለሰችው ቁራሽ ላይ ግን ዓይኗ ቀርቶ ነበር።

ጎረቤታችን ዳሲቱ፣ ጣቢያው ላይ ብርቱካን የምትሸጠው፣ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ስንቱን ሰሊጥ በጾም አስገደፍሽው! ነይ፣ ባቡር ላይ የሚበላልሽ አይጠፋም» ብላ እጄን ጎትታ ወሰደችኝ። ባቡሩ ገባ። ቀጭቀጩን በወረቀት ይዤ በመስኮቱ ሥር ቆምኩ፣ ድምፄ ግን እምቢ አለ። ዳሲቱ «ጩኺ እንጂ! ፊትሽን አይተው ነው የሚገዙሽ?» አለችኝ። ጨክኜ ጮህኩ፤ የወጣልኝ ግን «የፍስክ ነው! ቅቤ ነክቶታል!» የሚል ሆነ። መስኮቱ ሁሉ ሳቀ። አንዱ ሰውዬ «የራሷን ዕቃ የምታማ ነጋዴ ዛሬ አየሁ» አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ!

አንዲት የድሬዳዋ ነጋዴ ግን «እኔ ሙስሊም ነኝ የኔ ልጅ፣ አምጪው» አለችኝ። ቆረጠም አድርጋ ቁራሹን አገላብጣ አየችው። ከዚያ፣ ከዚሁ ጣቢያ ይህንኑ ትሸጥ የነበረች ሴት አሁን ጎረቤቷ እንደሆነች፣ ሥሪልን ሲሏት «ብረቴን አቃቂ ትቼው መጣሁ» እንደምትል ነገረችኝ። ባቡሩ ተነሥቶ ከሄደ በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለካ እርስዎም ቀጭቀጭ መሥራቱን ትተውታል።

በማግስቱ ብረቱን በኑግ ዘይት ቀብቼ እንደገና ሠራሁ። እናቴ ተነሥታ ተቀመጠች። በላች። ሁለተኛውን ቁራሽ ራሷ አነሣችና «ሎሚ ጎደለው። እሷ ሎሚ ጠብ ታደርግበት ነበር» አለች። ከሄዱ ወዲህ እናቴ እርስዎን ስታነሣ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ እወጣለሁ። የምትጮህልኝ ዳሲቱ ናት፤ እኔ እሰጣለሁ። የድሮዎቹ ልጆች፣ አሁን ፋብሪካ የገቡት ሁሉ፣ ሲያዩኝ ጫፍ ጫፉን ስጪን ይሉኛል። ሎሚውን ግን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። መጠኑን የሚያውቀው የእርስዎ እጅ ነው።

ክርስትና እናቴ፣ ለገና ይምጡልን። ብረቱን ልልክልዎት አስቤ ነበር፤ ከላክሁት መምጫ ምክንያት ያጣሉ ብዬ ፈራሁ። እናቴ መጻፌን አታውቅምና አይንገሩብኝ። ያቺ ነጋዴ ነገ ስታልፍ ደብዳቤውንና ትንሽ የቀጭቀጭ ጥቅል ይዛልዎት ትመጣለች።

እመቤቴ ማርያም እርስዎን ከነጋሼ ኩምሳ በጤና ትጠብቅልኝ። የመጡበትን መንገድ ቀና ታድርገው፤ እንደመጡ አድርጌ ነው የምጸልየው።

ድምፅ የሌላት ክርስትና ልጅዎ

ደብዳቤውን ካጠፍኩት በኋላ ይህን ጨመርኩ። ትናንት ጥቅሉን በሲባጎ አሥሬ አልጋ ሥር ደብቄው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳወጣው ከብዷል፣ ቋጠሮውም የእኔ አይደለም። ሎሚ ሎሚ ይሸታል። እናቴ ሳትቀሰቅሰኝ ወደ ፋብሪካ ሄዳለች። ጥቅሉን አልፈታሁትም። ወደ በርሜሉ ሄጄ ብረቱን ብነካው፣ ገና ለብ እንዳለ ነበር።