አምስት እጥፍ ፈጠነ የተባለው ላፕቶፕ

ሰኞ
አምስት እጥፍ? እንዴት ተደርጎ! የጥናት ጓደኛዬ የኢዮብ ላፕቶፕ ያለው አራት ኮር፣ ማለትም አራት የስሌት ክፍል ነው። አራት ሰው ተጋግዞ ጉድጓድ ቢቆፍር ቢበዛ አራት እጥፍ ይፈጥናል፤ ያውም ወሬ ካላበዙ። ለመመረቂያ የሠራነው የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ሥራውን ለአራቱም ኮር ስናካፍለው፣ በአንድ ኮር ከሚሠራው አምስት እጥፍ ፈጠነ ተብሏል። አማካሪያችን ደስ ብሏቸው ለትምህርት ክፍሉ ሁሉ አውርተዋል። አርብ ፈታኞች ፊት እንቀርባለን። አንዱ "እስቲ አሁን አሳዩን" ቢለንስ? ምርቃቱ ቀረ ማለት ነው።

የአራቱን ኮር ላብራቶሪ አብረን ለካን። የአንዱን ግን ኢዮብ ነው፣ ቡሹሎ ሰፈር ካለው ቤቱ ሆኖ የለካው። ብቻውን!

ማክሰኞ
ጠየቅኩት። "ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ ሰሚራ" አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። ለምን አያየኝም?

ላፕቶፑን ተቀብዬ ላብራቶሪ ውስጥ በአንድ ኮር ደግሜ ለካሁና መለስኩለት። እሱ ከጻፈው በጣም ያነሰ ጊዜ ወሰደ። በዚህ ከሄድን ፍጥነታችን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ዋሽቷል! የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድናችን ጠርናፊ አይደል፣ ሪፖርት ማሳመር ለምዷል። ሰው ማመን ቀብሮ ነው።

ረቡዕ
ሳልነግረው በባጃጅ ቡሹሎ ሄድኩ። እጅ ከፍንጅ ልይዘው። እናቱ የበቆሎ እሸት ሰጡኝ፤ እያፈርኩ በላሁ።

"እፊቴ ለካ" አልኩት። ተኮሳትሮ ላፕቶፑን ከፈተው። መብራት የለም፤ እዚያ ሰፈር ምን አዲስ ነገር አለ። ፕሮግራሙ እስኪጨርስ ጠበቅን። ያው የጻፈው ቁጥር መጣ!

"ፕሮግራሙን ነካክተኸዋል።"

"እንኪ፣ ራስሽ ፈትሺው።"

አልተነካም። በዚህ መሃል መብራት መጣ። ቻርጀሩን ሰክቼ ደገምኩት፤ የላብራቶሪው ቁጥር ወጣ። ሁለታችንም ቻርጀሩ ላይ አፈጠጥን። ለካ በባትሪ ሲሆን ላፕቶፑ ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ያዘገየዋል። አንዱን ኮር እግሩን አስረን፣ አራቱን ፈትተን ነው ያወዳደርነው!

"እኔን ሌባ ለማድረግ ነው ለባጃጅ የከፈልሽው?" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ አልኩት። ቻርጀሩን ነቅሎ መጠቅለል ጀመረ።

ሐሙስ
ለአማካሪያችን ነገርናቸው። "አምስት ብዬ ለስንቱ አውርቼ!" አሉ። "ማነው የለካው?" ሲሉ "ሁለታችንም ነን" አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ። ኢዮብ ዞር ብሎ አየኝ። እሳቸውም፣ "እንግዲህ ትክክለኛውን ይዛችሁ ቅረቡ። እንዴት እንደተሳሳታችሁም ተናገሩ" አሉ።

ደጅ ስንወጣ ኢዮብ፣ "ነገ አንቺ ለኪ፤ እኔ የለካሁትን አታምኚም" አለኝ። ሲቀልድ ይሁን ከልቡ አላወቅኩም። ቻርጀሩን ግን "ያዢው" ብሎ ሰጠኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሁለቴ አየሁት።