ቶሎ የገጠመ እርግብግቢት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን። ደብረ ማርቆስ።

የልጄ የሰብለ ሕፃን ዛሬ አዲስ አበባ ራሷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ዘጠኝ ወሯ ነው። የራስ ቅሏ አጥንቶች ያለጊዜያቸው ስለገጠሙ አንጎሏ ማደጊያ አጥቶ ነበር። ሐኪሞቹ አጥንቱን ቆርጠው አለያዩላት።

በሁለት ወሯ ሰብለ እዚህ ይዛት መጥታ፣ «አባዬ፣ እርግብግቢቷ የለም፤ እስቲ ዳብሰው» ብላኝ ነበር። ዳበስኩት፤ ደረቅ አጥንት ነው። «ቶሎ ጠነከረች፤ ደስ ይበልሽ» አልኳት። ሐኪም ይያት ስትለኝ ተቆጣሁ። በሽታ አትፈልጊ አልኳት። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣ ሳይለካ መልስ ለሚጽፍ ተማሪ ዜሮ የምሰጥ ሰው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«ወጥታለች። ዓይኗ አብጧል እንጂ ደህና ናት።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«በሦስት ወሯ ብታመጧት ኖሮ በትንሽ ቀዳዳ ይሠራ ነበር አለ። አሁን ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው የከፈቷት።»

«ልምጣ?» አልኳት።

«ይቅርብህ አባዬ። መጥተህ ከነርሶቹ ጋር ልትጣላ ነው።» ሳቀች። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም።

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፍቼ፣ «ነርሶቹ እጃቸውን በደንብ ይታጠባሉ?» አልኳት።

«አየህ?» አለች። ሕፃኗ ስታለቅስ ተሰማኝ፤ ስልኩ ተዘጋ።

የሰብለ እናት ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የምቆጣው ሰው እንኳ የለም። መልሼ ልደውል ብዬ ስልኩን ሁለቴ አንስቼ አስቀመጥኩት።