ሳሙና ሳሙና የሚል ራይ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ለመጽሔቱ የውስኪ አምዴ ሦስት ቦርቦን ቀመስኩ፤ ሦስቱም ሽቶ ሽቶ አሉኝ። ቦርቦን ቫኒላ ይላል፣ የተቃጠለ ስኳር ይላል፣ የበርሜል እንጨት ይላል። ጽጌረዳ ምን አግብቶት? እነዚህ ሰዎች ውስኪውን ትተው ፀጉር ቤት ሊከፍቱ ነው መሰለኝ። ለሦስቱም ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁ።

አባዬ እንደ ልማዱ መጥቶ የወጥ ቤቱን መስኮት ከፈተው። እኔ ሽታ ለመያዝ አፍንጫዬን ብርጭቆ ውስጥ ቀብሬ፣ እሱ ንፋስ ይለቅብኛል! ዘጋሁት። ከፈተው። እማዬ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ባለፈው ያልተበላሸ የበር እጀታ ፈታ፣ መልሶ ገጠመ። ሰሞኑን ዕቃ ማጠቡንም ተረክቦኛል። እሱን እንኳን ተመስገን፤ እኔና ዕቃ ማጠብ ድሮም አንዋደድም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የአንዲት አዲስ አምራች ራይ፣ ማለትም የአጃ ውስኪ፣ ቀመስኩ። ለዓመታት ስትጠብቀው የኖረችው የመጀመሪያ በርሜሏ ነው አሉ። ራይ መንከስ አለበት። ቁንዶ በርበሬ፣ የዳቦ ቅርፊት... ይሄ ምን አለኝ? ሳሙና። ውሃ ጠብ አደረግኩበት፤ ባሰበት። "ሳሙና ሳሙና የሚል ራይ፤ ከሚጠጡት ልብስ ቢያጥቡበት ይሻላል" ብዬ ጻፍኩ። ራሴ ጽፌ ራሴ ሳቅኩ። የመጽሔቱ አዘጋጅ በጣም ወደደው። እሱ ሰው ሲዘለፍ ደስ ይለዋል።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ዛሬ እንዴት እንደተናደድኩ! ሎሚና ስኳር ጨምሬ ውስኪ ሳወር ሠራሁ፤ ከሎሚው ሥር ያው አበባ። ዓለም ሁሉ አንድ ላይ ተበላሸ እንዴ?

በመጨረሻ የመለኪያ ቦርቦኔን አወጣሁ። ሌላውን ከመቅመሴ በፊት ሁልጊዜ ከሱ ነበር የምጀምረው። ጣዕሙን እንደ ስሜ ስለማውቀው አፍንጫዬን ያስተካክልልኛል። ሰሞኑን ሰንፌ ትቼው ነበር። ቀመስኩት... እሱም ሳሙና። አየር ገብቶበት ተበላሽቷል ማለት ነው። ከግማሽ በላይ የቀረውን ጠርሙስ ሲንኩ ውስጥ ደፋሁት።

አባዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሲንኩን አየ፣ ጃኬቱን አነሳ። የት ልትሄድ ነው ስለው ልናፈስ አለኝ። ሲመሽ ነው የተመለሰው። ራትም አልበላም። ደግሞ ምን አስቀየምኩት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

የራዩ ባለቤት ደወለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አምዴን አንብበው ሁለት ሱቆች ትዕዛዛቸውን ሰርዘውባታል። ሌላ የደረሰ በርሜል የላትም።

"የኔ እህት፣ አንቺ የጻፍሽበት ውስኪ የኔ አይደለም" አለችኝ። "ዋሽተሻል አልልም። ብቻ የቀመስሽው ሌላ ነገር ነው።"

አፍንጫዬ ዋሽቶኝ አያውቅም አልኳት፣ ኮራ ብዬ። ስልኩን ስዘጋው ግን ጥርጣሬ ገባኝ። አፍንጫዬ ሄዶ ቢሆንስ? ሌላ ሙያ የለኝም። ነገር ሁሉ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚያሰኝ በሽታ አለ እንዴ?... ማን ይጠየቃል እንዲህ ያለ ነገር?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

መንገድ ማዶ ያለው ባር ሄድኩ። ባርማኑ የሷን ራይ በራሱ ብርጭቆ እንዲቀዳልኝ ጠየቅኩት። የሰደብሽውን ነው ብሎ አሾፈብኝና ቀዳልኝ።

ቁንዶ በርበሬ። የዳቦ ቅርፊት። ሲዋጥ ደግሞ ከጉሮሮ የማይለቅ ማር ማር የሚል ነገር... ሳሙና የለም። ደገምኩ። የለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዴት ያለ ግሩም ራይ ነው!

ቤት ገብቼ የቅምሻ ብርጭቆዬን ሙቅ ውሃ ሞላሁበትና አሸተትኩት። ጽጌረዳ። ሲንኩ ጠርዝ ላይ ያለውን ሮዝ ፈሳሽ ሳሙና ከፍቼ አሸተትኩ። ራሱ ነው። እነዚህን ብርጭቆዎች ሳሙና አይነካቸውም፤ ሙቅ ውሃ ብቻ። የሥራው ሀ ሁ ነው። ለአባዬም የመጣ ሰሞን ነግሬዋለሁ። ራሱን ነቀነቀልኝ እኮ! ባዶውን ብርጭቆ ሳላሸት መቅዳቴስ? ማሽተቱም ሀ ሁ ነበር። ያንን ለማን ልናገር?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አፍኜ ይዤው ቆይቼ ዛሬ ፈነዳሁ። በሳሙና እንዳታጥባቸው አላልኩህም ወይ፣ የሰው በርሜል አስገደልከኝ፣ ስሜን አጠፋኸው... ከአፌ ያልወጣ የለም። አባዬ ስፖንጁን ጨምቆ አስቀመጠ።

"ነግረሽኛል" አለ።

"ታዲያ?"

"በሙቅ ውሃ ብቻ ሲታጠብ ሽታው ይነሳል። ሳሙናው ነው የሚገድልልኝ።" ቀጥሎም፣ "አፍንጫ ያለሽ አንቺ ብቻ መሰለሽ?" አለኝ።

ክው አልኩ። አባዬ መጠጥ የተወው እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው። እማዬ የዚያ ዘመን ወሬ እንዲነሳ አትፈልግም ነበር፤ እኛም አናነሳውም። የተወ ሰው ተወ፣ አለቀ ብዬ... ለካ መስኮቱም ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ እየሄድኩ እዘጋበታለሁ።

ጠርሙሱን የደፋሁ ዕለት ለመናፈስ አልነበረም የወጣው። ማዶ ያለው ባር በር ድረስ እንደሄደ ነገረኝ። መዝጊያውን ይዞ ቆመ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ከዚያ ዝም ብሎ ሲዞር አመሸ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት፤ እያለቀስኩም፣ እየተናደድኩም።

"ሥራሽ ነዋ" አለኝ። "በስተርጅና መጥቼ የእንጀራ ገመድሽን ልበጥስ?"

ሰኞ፣ የካቲት 17

ማስተካከያ ጻፍኩ። አዘጋጁ ጠርሙሱ ተበላሽቶ ነው በይና እለፊው አለኝ። ቀማሽ አፍንጫዋ ከዳት ከተባለ አለቀላት አለ። እምቢ አልኩ። ተጨቃጨቅን። ለስድቡ ጊዜ እንዲህ አልተከራከረኝም ነበር።

ግን ምን ብዬ ልጻፍ? አባዬ መነጽሩን አድርጎ መጽሔቱን ከሽፋን እስከ ሽፋን ነው የሚያነበው። ቀደድኩ፣ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። በመጨረሻ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳሙና በነካው ብርጭቆ፣ ሳላሸት ቀዳሁ። ራዩ ግሩም ነው" ብዬ ጀመርኩና ስለ ራዩ አምዱን ሞላሁት። ማን እንዳጠበው አላነሳሁም።

ሴትዮዋ ጋ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ እንጃ። ንጹህ ብርጭቆ እልክልሻለሁ አለችኝ። እሰይ፣ ይበለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ጠርሙሶቹን አንድም ሳላስቀር ወደ ባሩ ጓዳ አጋዝኩ። ብርጭቆዎቹንም። ጠዋት ባሩ ሳይከፈት እዚያ እቀምሳለሁ። ጓዳው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ባርማኑ በየመሃሉ ብቅ እያለ የማያስቅ ቀልድ ያወራል። ዛሬ አንዱን ቦርቦን ስንቴ እንደ አዲስ ጀመርኩት! አንባቢዎችም ሳሙናዬን እያነሱ ያሾፉብኛል። ያሹፉ። ከሁለቱ ሱቆች አንዱ ትዕዛዙን መልሷል፤ አንዱ ገና ነው። እሱ ያበሳጨኛል።

ስገባ አባዬ ኮቴን ተቀብሎ በረንዳ ላይ ሰቀለው። ባር ባር ሸቶት ነው መሰለኝ። ቆይቶ መጽሔቱን አነሳና፣ "ብርጭቆው ራሱን ያጠበ አስመሰልሽው እኮ" አለኝ።

"ዝም ብለህ ተቀመጥ" አልኩት።

ተቀመጠ።

ውሃ ልጠጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ለብርዱ ትከሻዬን ሰብሰብ አድርጌ... ንፋስ የለም። መስኮቱ ተዘግቷል። እኔ አልዘጋሁትም።