ለመስቀል የሚከራይ ቤት

ከቡታጅራ በላይ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለደበሌ ገብረወልድ
አዲስ አበባ፣ መርካቶ

ልጄ፣ እንዴት ከርመሃል? ሚስትህ አዛለችስ እንዴት ናት? ያ ገና ዓይኑን ያላየሁት የልጅ ልጄ ሳሉ ተሻለው ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ላሞቹም ደህና ናቸው። ዝናቡ ግን አልለቀቀንም፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።

የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። መሪጌታ ወልደማርያም ሲያነቡልኝ መጀመሪያ የሌላ ሰው ደብዳቤ መስሎኝ ነበር። «ለመስቀል እንመጣለን» ሲል እልል ልል አፌን ከፍቼ ሳለሁ፣ ቀጥሎ «አዛለች ጭስና የከብት ሽታ ስለማትችል፣ ልጁም ስለሚያስለው፣ ቡታጅራ ላይ ንጹሕ የቆርቆሮ ቤት ተከራይተሽ ጠብቂን» ይላል። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ! አባትህ ነፍሱን ይማረውና በእጁ ያቆመው ቤት እያለ፣ ለመስቀል የመጣ የጉራጌ ልጅ ኪራይ ቤት ሊያድር! መሪጌታ አሁን ራሱ እየጻፉ «ይህንንስ ብንተወው» ይሉኛል። ይጻፉ ብያቸዋለሁ።

ቢሆንም እናት ነኝና ወደ ከተማ ወረድኩ።

መጀመሪያ ያሳዩኝ ቤት ከጠጅ ቤቶቹ ጀርባ ነው። እግዚኦ! ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ ጫፉን ይዤ ገለጥ ባደርገው ትኋኑ እንደ ተልባ ፈሰሰ። ወለሉ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ እርጥብ ነገር አለ፣ ጫማዬን ይዞ አልለቅም አለኝ። ባለቤቷን «ሽንት ቤቱ የት ነው?» ብላት በአገጯ የጎረቤቱን አጥር አሳየችኝ። «ሌላው ተከራይስ?» አልኳት። «ሁሉም እዚያው ነው» አለች፣ ቅንጣት ሳታፍር። ነጠላዬን ደጋግሜ አጥቤው ሽታው እስካሁን አልወጣም። አዛለች የላም ሽታ ከበዳት አልክ? ላም ሣር በልታ ሣር ነው የምትሸተው። ሰው ጠጥቶ አጥር ሥር ሲሸና ምን እንደሚሸት እሷው መጥታ ታሽትተው። ትፍ!

ሁለተኛው የአቶ ያረጋል ቤት ነው። ከሰሜን በሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ገባ ስል ግን የጓዳው ጣሪያ ያፈሳል፤ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጧል፤ ባልዲው ውስጥ የሞተ አይጥ ሆዱ አብጦ ተንሳፍፏል። አቶ ያረጋል ባልዲውን በእግራቸው ገፋ አድርገው «ይህ ቀላል ነው፣ ይደፋል» አሉኝ። እኔ አፍንጫዬን ይዤ ልወጣ ስል «ለመሆኑ ቤቱ ለማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበል? ልጄ እናቱ ቤት ማደር ተጸየፈ ልበል? አላስቻለኝም። «ለራሴ ነው» አልኳቸው።

«ልጅ የለዎትም እንዴ?»

«አለኝ እንጂ! መርካቶ ሱቅ ያለው ልጅ አለኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይዞዎት እመት፣ የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ነው» አሉኝ። ከአይጡ ይልቅ ያቅለሸለሸኝ የእሳቸው ማዘን ነው።

ዳገቱን ወጥቼ ሳልጨርስ ወሬው ቀድሞኝ መንደር ገብቷል። ደበሌ እናቱን ከአባቱ ቤት አስወጥቶ ቤቱን ሊሸጠው ነው፣ አሮጊቷም በስተርጅና ኪራይ ቤት ፍለጋ ስትንከራተት ዋለች ተብሏል። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መጡ። የአባትህ ጓደኛ አቶ ገብረእግዚአብሔር ናቸው የተናገሩት፦ «እናቱን ያስወጣ ልጅ ካረደው በሬ አንቀምስም። ለመስቀል ቢመጣም ደጁን አንረግጥም። እኛ ተስማምተናል፤ አንቺ ዝም በይ።»

እኔ ስምህን እሸፍናለሁ ብዬ ጭራሽ አጠፋሁት! ዝም እንዴት ልበል? «ኧረ ልጄ አላስወጣኝም! ቤቱ ለእሱ ነው። ሚስቱ የእኛን ቤት ስለማትችል ነው» አልኳቸው። አቶ ገብረእግዚአብሔር ዱላቸውን አንሥተው ብድግ አሉና «ታዲያ ይህ ይሻላል?» ብለውኝ ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ነህና አልዋሽህም፣ አንተም አስጠላኸኝ። ሰው «ደበሌ ደህና ነው?» ሲለኝ ያልሰማሁ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ተዪው ብዬ ነበር፤ በጭራሽ አልወርድም ብዬ ነበር። ግን የልጁን ሳል እያሰብኩ ደግሞ ወረድኩ። ከመስጊዱ በታች ወይዘሮ ሳሌሃ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ቤቷን አሳየችኝ። እንከን ፈለግሁለት። ፍራሹን ገለጥኩ፣ ጥጋጥጉን አሸተትኩ፣ ጣሪያውን አንጋጥጬ አየሁ። ምንም የለው! ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ ሽንት ቤቱ የታጠበ፣ በሩ ገጥሞ የሚዘጋ። ካየኋቸው ሁሉ አብልጦ ያስጠላኝ ይኸኛው ቤት ነው።

እሷም «ለማን ነው?» አለችኝ። አሁንስ ውሸት ሰለቸኝ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። እየሳቀች የምትሰማኝ መስሎኝ ቀና ብል አትስቅም። «የእኔም ልጅ ለዒድ ሲመጣ ሆቴል ነው የሚያድረው» አለችኝና ቁልፉን በእጄ አስጨበጠችኝ።

እንግዲህ ቤቱ ተይዞልሃል፤ ደስ ይበልህ። ቁልፉን ግን በሰው አልልክልህም፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋም ይዤልህ አልቆምም። መቀነቴ ላይ ቋጥሬዋለሁ። አንተም፣ አዛለችም፣ ልጁም ዳገቱን ወጥታችሁ ከእጄ ትቀበላላችሁ። ልጁን አቅፌ አንድ ጊዜ ልሳመው፤ ከዚያ ብትፈልጉ ሂዱ።

ላሞቹን እስከ መስቀል ማግስት ጎረቤት አስጠግቻቸዋለሁ። ምድጃውንም ነቅዬ ደጅ አወጣሁት፤ ዝናብ እንዳይመታው ከላዩ ዳስ ቢጤ ጣልኩበት። ግድግዳውን ነጭ አፈር አስቀብቼዋለሁ። ለነገሩ ከሳሌሃ ቤት የተሻለ ነው የነጣው። አሁን ቤቱ ሽታም ጭስም የለው፤ ላሞቹ ሲተነፍሱ ስለማልሰማ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ልጁን ሌሊት ቢያስለው የሚነሣ ሰው አለ። ይህን እንዲያው ለወሬ ያህል ነው የጻፍኩልህ፤ አዛለች ካልጠየቀችህ አትንገራት።

የአባትህ አምላክ መንገዱን ያቅናላችሁ። የልጁን ደረት ይፈውስልኝ፣ ለአንተም ልብ ይስጥህ፣ አዛለችንም በጎ ያሰማት። መሪጌታም ሰላም ይሉሃል፤ ጽፈው ደክሟቸዋል።

እናትህ
ወለተ ሐና