የቤቴን በር ቅርስ ላደረጉልኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር ኩኒማሱ ዮሺሮ
የሚናኪ ከተማ የጎብኚዎችና የቅርስ ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝዎት የግራ ትከሻዎስ ዘንድሮ ተሻለው? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ ደህና ናቸው? እኛ በቁልቁለቱ ማዕዘን የምንኖረው የቶሪካይ ቤተሰቦች የሕዝብ መታጠቢያ ቤታችንን ውኃ እያሞቅን፣ አምላካችን ይመስገንና፣ እንዳለን አለን። ከአንድ እጅ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ለማውጣት የደፈርኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ በትሕትና «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለሚሉኝ፣ ጋዜጣ ግን ስብሰባ ላይም ስለሚነበብ ነው። ደግሞም ምስጋና በአደባባይ ሲቀርብ ያምራል ይባላል፤ እኔም የማመሰግንዎት ነገር በዝቶብኛል።

«የጃፓን ጥበብ፣ ታሪክና ባህል የቡድን ጉዞ» የተባለውን ታላቅ ሐሳብ አመንጭተው አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ ወደ ጠባቧ ከተማችን ስላመጡልን እግዜር ይስጥልኝ። በእንግዶቹ ቅሬታ የለኝም። ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፣ ፎጣቸውን አጥፈው ይመልሳሉ፣ ውኃው ቢያቃጥላቸውም ፈገግ ይላሉ። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ከሥሩ ልጀምር።

በመኸሩ በዓል የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንዶች ሚኮሺያቸውን፣ በወፍራም ግንዶች ላይ የታሰረውን የአምላክ ማደሪያ፣ በትከሻቸው ተሸክመው ቁልቁለቱ ላይ ይጋጠማሉ። ጭፈራ አይደለም፤ ውጊያ ነው። ግንድ ከግንድ ሲላተም መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ትከሻ ይላጣል፣ ጥርስ ይረግፋል። መንገዱ ወደ እኛ ቤት ስለሚያዘነብል የተሸነፈው ሚኮሺ ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው በእኛ ደጃፍ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ሲወድቅብዎት ያስቡት! የቀደሙት ሰዎች ሌላ መላ ሲያጡ ቤታችንን ከፈቱት። በበዓሉ ጠዋት እኛ ሴቶች የፊት ለፊቱን የርብራብ በሮች ከሚንሸራተቱበት ቦይ መዘን እናወጣና ወለሉ ላይ አሮጌ ምንጣፍና የራሰ ብርድ ልብስ እናነጥፋለን። «ቤቱ አፉን ከፈተ» እንላለን። ጉልበቱ የከዳው ሰው ራሱን ወደ ውስጥ ይወረውራል፣ ግንዱ ደፉ ላይ ያርፋል፣ ሰውየው ምንጣፉ ላይ እየተሳደበ ይነሳል። ቤቴ ብዙ ወንድ ውጧል፤ ሁሉንም በሕይወት ተፍቷል። ከእነዚህ ወንዶች አንዱን ወደ በኋላ አነሳዋለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ቢሮዎ ተራ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነብ ጸሐፊዎ ነግረውኛልና።

አንደኛ። አምና የቤቴን በር በከተማው የጥበብ ቅርስነት ስለመዘገቡልኝ አመሰግናለሁ። ሰዎችዎ መጥተው በሮቹ በበዓሉ ቀን እንዳይወልቁ ከምሰሶው ጋር በብረት ጠፍርና በብሎን አሰሯቸው፤ ፊታቸውም ላይ ለእንግዶች ወንበር ደረደሩ። እኔ አላዋቂዋ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ያን ቀን ስብሰባ አልነበረዎትም።

«እትዬ ፉሳኤ፣ በሩ ከወለቀ እንግዶቹ ምን ያያሉ? ባዶ ቤትና አሮጌ ብርድ ልብስ እኮ ነው የሚታየው!» አሉኝ።

«ልጄ ዮሺሮ፣ የሚወድቁት ሰዎችስ የት ይግቡ?» አልኩዎት።

«ዘንድሮ ማንም አይወድቅም። ለሁለቱም ሰፈር መመሪያ አስተላልፈናል።»

ግንድ መመሪያ እንደሚሰማ እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥበቡን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። በሩን የሠሩት የባለቤቴ አያት ናቸው፤ ርብራቡን እንጨት በእንጨት እየተካ ለዛሬ ያደረሰው ደግሞ አናጢው ልጄ ታካኖሪ ነው። በየዓመቱ ተመዞ እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ በር ነው፤ ቦዩን ሰም የሚቀባው እሱ ነበር። ባለሙያዎችዎ ከፊቱ ቆመው «ምን ዓይነት እጅ ነው ይህን የሠራው!» ሲሉ ሰምቼ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እጁን አሁን ቢጠይቁኝ የት እንዳለ አላውቅም፤ ሆስፒታል የተቆረጠ እጅ የት እንደሚያደርሱት አልነገሩንም።

ሁለተኛው ትንሽ ነገር ናት። ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ የሸክላ ሥዕል ትምህርት ስለነበራቸው ግጥሚያውን ከምሳ በፊት አደረጉት። አምላካችን የአውቶቡስ ሰዓት እንዲያከብር ስላስለመዱልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ። ስለ «ይደገም»።

የመጀመሪያው ግጥሚያ በሰላም አለቀ። በሰላም ስል አንድ አፍንጫና ጥቂት ጥርስ ብቻ ነው የጠፋው። በልማዳችን ከዚያ በኋላ ሚኮሺዎቹ መሬት ይቀመጣሉ፣ ሰው ይለወጣል፣ ውኃ ይረጫል። የእርስዎ አስጎብኚ ወይዘሪት ሚሳዋ ግን ቢጫ ባንዲራዋን እያውለበለበች በድምፅ ማጉያ፣ «ወንድሞቼ፣ በጣም ይቅርታ! ከኋላ ያሉት እንግዶች አላዩም! እባካችሁ አንዴ ደግማችሁ ትጋጩልናላችሁ?» አለች። በልጅቷ አልፈርድም፤ የታዘዘችውን ነው የተናገረችው። ከዚያን ቀን ወዲህ መታጠቢያ ቤቴ ስትመጣ ገንዳው ውስጥ ተደብቃ ታለቅሳለች።

ግጥሚያውን የሚያስጀምረውን የእንጨት ማጨብጨቢያ የሚይዙት ሽማግሌ፣ ጋሽ ሳኩታሮ፣ «ምን ነካት ይቺ ልጅ? የሰዎቹ እግር እየተብረከረከ አይታያትም?» ብለው ማጨብጨቢያውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ያኔ እርስዎ በአዲሱ የበዓል ካባዎ ከመድረኩ ላይ፣ «ጋሽ ሳኩታሮ፣ ኧረ አያሳፍሩን! እንግዳ ነው እኮ!» አሉ። ሽማግሌው ማጨብጨቢያውን ከብብታቸው አላወጡም። ወጣት ግን ዝም አይልም። ከላይ ሰፈር አንዱ፣ «ታች ሰፈሮች፣ ደከማችሁ እንዴ? ዓሣ ብቻ መብላት ትርፉ ይኼው ነው!» ብሎ ጮኸ። የእኛዎቹም፣ «ና ቅመሳት! እናትህ ጋ በቃሬዛ ነው የምንልክህ!» አሉ። ስድቡ የበዓሉ ወግ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። ግን ከተሰደቡ በኋላ መቀመጥ አይቻልም። አነሱት።

ልጄ በእኛ ቤት በኩል ባለው ግንድ ሥር ነበር። እኔ ከውስጥ፣ ከተዘጋው በር ኋላ ቆሜ በርብራቡ ቀዳዳ አያለሁ። ሚኮሺው ተመታ፣ ዞረ፣ ወደ እኛ አዘነበለ። «ልቀቁ! ልቀቁ!» ተባለ። ወንዶቹ ልማዳቸው ነውና ወደ ቤቱ ተወረወሩ፤ ያገኙት ግን ወንበርና የተዘጋ በር ነው። አንዱ ወንበር ላይ ወድቆ የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። ታካኖሪ በሩን በጡጫው ሲደበድበው ከአፍንጫዬ ሥር ነበር። «እማዬ፣ ክፈቺ! ክፈቺ!» ይለኛል። ጠፍሩን በጥፍሬ ያዝኩት። ብሎኑ ጥፍሬን ነቀለው እንጂ አልተነቃነቀም፤ ሰዎችዎ ጥሩ ሠራተኞች ናቸው። ልጄ ጣቶቹን በርብራቡ አሾልኮ ይዞ ነበር፤ ጣቶቹን ያዝኩለት። ያን ጊዜ ግንዱ መጣ።

በሩ አልተሰበረም፣ ክቡር ሆይ። ልጄ ሲሠራ አያጭበረብርም። የተሰበረው ክንዱ ነው፤ በግንዱና በምሰሶው መካከል የደረቀ ቀርከሃ ሲረገጥ እንደሚጮኸው ጮኸ። ደሙ በቀዳዳው ፊቴ ላይ ተረጨ። ጣቶቹ በእጄ ውስጥ ነበሩ፣ ሙቅ ነበሩ፣ ግን አይጨብጡም ነበር። ጮህኩ። እንዲህ እጮሃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከእንግዶቹ አንዲት ፀጉሯ የነጣ የባሕር ማዶ ሴት በወንበሮቹ ላይ ተንፏቃ ደርሳ በሻርፗ ክንዱን ከላይ ጠፍራ አሰረችው። ሐኪሙ እስዋ ባትኖር ደሙ አልቆ ይሞት ነበር አለን። ስሟን አላውቅም፤ ይህ ጋዜጣ እጇ ቢገባ፣ ለእስዋ ያለኝ ምስጋና ሽሙጥ የለበትም። አምቡላንሱ ግን አውቶቡሱ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ልጄን በሳንቃ ተሸክመው ወደ ታች አወረዱት። የተሸከሙት የላይ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ እያለቀሱ።

አራተኛ፣ አምስተኛም መሰለኝ፣ ከዚህ ወዲያ ተራ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የዘንድሮውን የጉዞ ማስታወቂያ በጣቢያው ግድግዳ ላይ አየሁት። ያማረ ፎቶግራፍ ነው! ሚኮሺው ሲወድቅ፣ አቧራው ሲነሳ፣ ከታች «ትንፋሽ የሚያስቆም ባህል» ተብሎ ተጽፎበት። ጥግ ላይ በሩን የጨበጠ አንድ እጅ ይታያል። የልጄ ቀኝ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ፎቶ አላነሳውምና አንድ ቅጂ ቢልኩልኝ በክብር እሰቅለዋለሁ።

የሚቀጥለው በዓል እየመጣ ነው። ቢሮዎም አልተኛም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሩ አጠገብ «እባክዎ ይጠንቀቁ» የሚል ሰሌዳ ተክሏል፤ በሩ እንደታሰረ እንዲቆይ አዟል፤ ወንበሩንም በአንድ ረድፍ ጨምሯል። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱ አፉን ይክፈት። የልጄን እጅ መልሱ አላልኩም። የሌላ ሴት ልጅ «እማዬ፣ ክፈቺ» ሲል የምትከፍተው ነገር ይኑራት ነው የምለው።

አሁን ቤቴ ከዋጣቸው ወንዶች አነሳዋለሁ ወዳልኩት ሰው ልመለስ። አስጎብኚዎ በቤቴ ደፍ ላይ ያለውን ጥቁር እድፍ ለእንግዶች እያሳየች፣ «ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጌታውን ሊያድን የተዋጋ አንድ ሳሙራይ እዚህ ወድቆ ሞተ፤ ይህ ደሙ ነው» ትላለች። እንግዶቹም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያከብሩታል። ልጅቷ የምትለው የጻፉላትን ነው፤ የጻፉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። እኔ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበርኩና ሳሙራዩን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ጢሙ ገና ያልበቀለ የታች ሰፈር ልጅ ነበር። ሚኮሺው ሲወድቅ ተንከባልሎ ገባ፣ አፍንጫው ደፉ ላይ ተፈጠፈጠ፣ የግራ ትከሻው አጥንት ተሰበረ። ግንዱ ያረፈው ጭንቅላቱ በነበረበት ቦታ ነው። አማቴን በሽርጣቸው ይዞ፣ «እናቴ፣ እንዳልሞት! እንዳልሞት!» ሲል አደረ። አማቴ ሾርባ በማንኪያ አጎረሱት።

ክቡር ሆይ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እርስዎ ግን ተወግተውም ረሱ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። እርስዎ በዚያ በር ገብተው ከሞት ተረፉ፤ ከዚያም በሩን ከኋላዎ በብሎን አሰሩት።

ትከሻዎን ብርድ እንዳያገኘው፣ ሾርባዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ ስብሰባዎ እንዳይቋረጥ ዘወትር እየተመኘሁ፣ ግንባሬን ምንጣፍ አስነክቼ እሰናበታለሁ።

የቅርስዎ ጠባቂ፣
ቶሪካይ ፉሳኤ
ከቁልቁለቱ ማዕዘን መታጠቢያ ቤት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ለታካኖሪ ባነብለት፣ «እማዬ፣ እሱ እስኪመልስልሽ በዓሉ ይደርሳል። መጥረቢያውን አምጪ» አለኝ። በግራ እጁ ገና አልለመደምና ርብራቡን ለመፍለጥ ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ ጥሩ ሥራ ስለሆነ በቀላሉ አይሰበርም። ዛሬ የገንዳው ውኃ የሚሞቀው በከተማው የጥበብ ቅርስ ነው። በቅርስ አጥፊነት ሊከሱን ፖሊስ ይዘው ሲመጡ በር ማንኳኳት አያስፈልግዎትም፤ ቤቱ አፉን ከፍቷል። ደፉን ግን አልነካነውም፤ እሱ ታሪክ ነው። ወይዘሪት ሚሳዋም ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደሙ የማን እንደሆነ ለእንግዶቹ በትክክል እየነገረች ነው፤ የሳሙራዩን ስም ሲጠይቋትም ቢሮዎን ታመለክታቸዋለች።